በሦስት ሱቅ የተቆጠረችው አይሲ

ዕቃ ጥሩ መሆኑ ብቻውን ምን ያደርጋል? ሲቃጠል ምትኩ መገኘት አለበት። መተማ ዮሐንስ ሬዲዮ ስጠግን የኖርኩት ይህን ይዤ ነው። መቁጠር እወዳለሁ፤ እስከ ሸሕዲ ስንት ድልድይ እንዳለ ጠይቁኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሽንፋ አጠገብ ያለ የመንግሥት እርሻ የሰሊጥ ሚዛኑን ከማተሚያ ጋር የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ አዘዘኝ። አንድ የሚሠራ፣ አንድ ተጠባባቂ። የሚዛኑ ኃላፊ ሙላት የሚባል ቀልደኛ የወሎ ልጅ ነበር። በአጨዳ መሀል ማተሚያው ቢቆምና ተጠባባቂ ቢጠፋ፣ አሻጥር ሠርተሃል ተብሎ የሚታሰረው እሱ ነው። ቦርድ አይታሰርማ!

የቦርዱ ልብ አንዲት አይሲ የምትባል ባለ ብዙ እግር ጥቁር ቁራጭ ናት፤ የሚዛኑን ቁጥር አንድ በአንድ አሰልፋ በሽቦ ወደ ማተሚያው የምትልክ። ዓይነቷ ብዙ ነው፣ እግሯ ግን አይመሳሰልም። ቦርዱን ለአንዷ ከበሳችሁት ሌላዋ አትገባም። ሙላት አዲስ የወጣችውን ፈለገ። ሙሽራ አይደለም የምንመርጠው፣ የምትገኘዋን ነው አልኩትና ድንበሩን አልፌ ሱዳን፣ ገላባት ተሻገርኩ።

ሦስት ሱቅ ጠየቅሁ። ሦስቱም “ፊ” አሉኝ፤ አለ ማለታቸው ነው። አስቀመጡኝ፣ ሻይ ሰጡኝ፣ በጓሮ በር ወጣ ብለው አይሲዋን አመጡልኝ። ቆጠርኩ፤ ሦስት። እንዲህ የሞላ ዕቃ የት ይገኛል? ተመልሼ ሁለቱንም ቦርድ በእግሯ ልክ በሳሁ።

ልገዛ ስሄድ የመጀመሪያው ሱቅ ሸጠልኝ። ሁለተኛው አስቀመጠኝ፣ ሻይ ሰጠኝ፣ በጓሮ ወጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ።

“ያ ዞል፣ አሁን ተሸጠች” አለኝ፤ አንተ ሰው ማለቱ ነው።

ለማን ብዬ ብጠይቀው ለአንድ ራሰ በራ ሐበሻ ነው አለ፣ ራሴን እያየ። ለካ እዚያ የለም ማለት ነውር ነው፤ አንዷኑ አይሲ እየተዋሱ ነበር የሚያሳዩኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሦስተኛው ሱቅ የገባሁት ለሻዩ ብቻ ነው።

አንዷን ብቻ ይዤ ተመልሼ ለሙላት ነገርኩት።

“ጋሼ፣ እርስዎ ከተሳሳቱ ማን ሊቆጥር ነው?” አለኝ። ቀጥሎ ሻዩን እንዴት እንዳቀረቡልኝ ይጠይቀኝ ጀመር። ምን ነካው አልኩ።

አጨዳው እንደተጀመረ ተቆጣጣሪ መጣ። ሁለቱም ቦርዶች ሲሠሩ ልይ አለ። አንደኛው ሲያትም አየ። ሙላት ነቀለውና፣ ይሄን ላስቀምጥ፣ ተጠባባቂውን ላምጣ፣ ጓድ እስከዚያ አረፍ ይበሉ አለ። ወንበር ሰጠ፣ ሻይ አስቀዳ። መጋዘን ገብቶ አይሲዋን ከአንዱ ቦርድ ነቅሎ ሌላው ላይ ሰካት። አምጥቶ ሲያገናኘው ያም አተመ። ጓድ “ሁለት” ብለው ጻፉ።

አይሲዋ አጨዳውን በደህና ጨረሰች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ዕቃ ስቆጥር ሻይ አልጠጣም።