ሃያ አራቱ ላፕቶፖቼ

መጀመሪያ የነበሩትን አንድ በአንድ ልጥራ። ነገ አንዱ ተነስቶ «እኔ አላየሁም» እንዳይል!

ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሴ ነበሩ። የሒሳቡ መምህር ሙሉቀን ነበረ፤ እሱ ሰው በሚዋረድበት ቦታ ቀርቶ አያውቅም። ዘበኛችን አያ ስንሻው ከነምንሽር ጠመንጃቸው በር ላይ ነበሩ። ከዳባት የመጡት እንግዶቻችን መምህርት የሺና መምህር ጀማል ነበሩ። ተማሪዬ ብርቱካን ነበረች፤ ከኋላዋ ደግሞ መላው ዘጠነኛ ቢ።

እኔም ነበርኩ። ባልኖር እንዴት ደስ ባለኝ!

ወገኖቼ፣ የዛሬውን ጉዴን አንብባችሁ ስትጨርሱ ከዚህ ከመምህራን ግሩፓችን ብታስወጡኝ አልቀየምም። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡ።

ከሦስት ሳምንት በፊት እዚሁ የለጠፍኩትን ፎቶ ታስታውሳላችሁ? «የዛሬው የአይሲቲ ክፍለ ጊዜያችን፣ ደባርቅ ዙሪያ» ብዬ የጻፍኩበትን። ልጆቹ ላፕቶፕ ላይ አቀርቅረው፣ ጣታቸውን ኪቦርዱ ላይ ደርድረው የሚታዩበትን።

አዎ፣ እሱን። ላይክ የዘነበበትን።

ካርቶን ነው።

ሁሉም ካርቶን ነው!

ቆይ፣ ከመሳደባችሁ በፊት ስሙኝ።

ትምህርት ቤታችን ዘጠነኛ ክፍል የከፈተው ገና ዘንድሮ ነው። አይሲቲ የሚባለው ትምህርት መጣ፣ ኮምፒውተሩ ግን አልመጣም። ያለን አንድ ኮምፒውተር ነው፤ እሱም አቶ ደምሴ ቢሮ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ፈተና ይጻፍበታል እንጂ ተማሪ አይጠጋውም።

እኔ የተማርኩት ጂኦግራፊ ነው። ኮምፒውተርን ያስተማርኩት ራሴ ለራሴ ነው። አይሲቲ የተሰጠኝም በዲግሪ አይደለም። አንድ ቀን የአቶ ደምሴን ፕሪንተር የዘጋ ወረቀት በወረንጦ ስላወጣሁ ነው። «አንተ ታውቃለህ» አሉኝ። በቃ፣ ያ ቅጥር ሆነ!

ምን ላድርግ? ከደባርቅ ሱቆች የማካሮኒና የሳሙና ካርቶን ለመንኩ። የቢሮውን ኪቦርድ በማስመሪያ ለካሁ። ልጆቹና እኔ ሆነን ሃያ አራት ላፕቶፕ ሠራን፤ ለሁለት ተማሪ አንድ። ስክሪኑ ጥቁር ላስቲክ ነው፣ ማጠፊያው በሲባጎ የተሰፋ። እያንዳንዱ ቁልፍ ከቢሮው ኪቦርድ ጋር በልክ እኩል ነው። ኤፍ እና ጄ ላይ በጣት የምትዳሰሰውን ትንሽ እብጠት ሳይቀር በሻማ ጠብታ ሠርቻታለሁ።

እዚህ ላይ ትንሽ ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። አልዋሽም።

(አሁን «አልዋሽም» የምትለዋን ቃል ስጽፍ ሙሉቀን ቢያየኝ ከወንበሩ ይወድቅ ነበር።)

ፎቶውን ያነሳሁት ከክፍሉ ጀርባ ቆሜ ነው። ስልኬ ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ ከመኪና መስኮት ከወደቀ ወዲህ ካሜራው ሁሉን ነገር አደብዝዞ፣ አሳምሮ ነው የሚያሳየው። ለጠፍኩት። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«ወንድሜ፣ ስንት ላፕቶፕ ነው?» አለች መምህርት የሺ ከዳባት።

«ሃያ አራት» አልኩ። እውነት ነው!

«ማን ረዳችሁ?»

«ማንም። በራሳችን ጥረት ነው።» እውነት ነው!

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ምንም አይሆንም። ትምህርቱ አይቋረጥም።» እውነት!

«ቫይረስ አላስቸገራችሁም? እኛ ጋ ጨረሰን።»

«እስካሁን አንድም አልገባብንም።»

እስቲ ፍረዱኝ፣ አንዲት ውሸት አለችበት? አንድ ሰው ቃል በቃል እውነት እየተናገረ እንዲህ አድርጎ መዋሸት እንደሚችል አላውቅም ነበር።

በዚያው ሰሞን የማስተማሪያ ስልቴንም ለጠፍኩ፤ «የዜማ ታይፒንግ» ብዬ። ካርቶን ቁልፍ ሲጫኑት አይሰምጥም፣ ድምፅም የለው። ልጆቹ መቼ ተጭነው መቼ እንደሚያነሱ አያውቁም ነበር። ብዙዎቹ የቄስ ትምህርት ቤት ያለፉ ስለሆኑ ፊደሉን በዜማ እንዲጠሩት አደረግሁ። ዜማው እስኪያልቅ ጣት ከቁልፉ አይነሳም። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ዲ-ይ-ይ-ይ!» ሲል ደስ ይላል።

ስልቱን ሴቭ ያደረጋችሁ፣ እባካችሁ ዲሊት አድርጉት። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ከዚያማ መምህርት የሺ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። «ልምድ ልንቀስም እንመጣለን።»

ልምድ! ሊቀስሙ!

ወደ አቶ ደምሴ ሮጥኩ። እውነቱን ለግሩፑ ልጻፍ አልኳቸው። እሳቸውም ያ ፎቶ ስንቱን ሰው እንዳስደሰተ ሰምተው ኖሯል፤ «ዝም በል፣ ስማችን እየተነሳ ነው» አሉኝ። አልፈው ተርፈው አያ ስንሻውን ጠርተው «በዚያ ክፍል ውስጥ ላፕቶፕ አለ፣ አደራ» አሏቸው።

አያ ስንሻው አደራ የሚባል ነገር በቀልድ አያውቁም። ምንሽራቸውን ወልውለው መጡ። በዚህ በደባርቅ ውርጭ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ የማካሮኒ ካርቶን ሲጠብቁ ከረሙ። እኔም በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ አያ ስንሻው?» እላለሁ። «ንብረቱ ደህና ነው» ይሉኛል።

እኔን ያስጨነቀኝ የራሴ ስም ብቻ አልነበረም። እኔ ውሸታም ብባል ይቻላል። ግን ልጆቹ «የካርቶን ተማሪዎች» የሚል ስም ከወጣላቸው፣ ከደባርቅ እስከ ዳባት ማንም አይፍቅላቸውም። እነሱ ደግሞ በእነዚያ ካርቶኖች የምራቸውን ነው የሚማሩት።

ሙሉቀን መላ አመጣ። «በር ላይ አቁመህ አሳያቸውና ቶሎ ምሳ ውሰዳቸው። የጠገበ ሰው አይጠይቅም።»

ደደብ ዕቅድ ነው። ተቀበልኩት።

ዛሬ እንግዶቹ መጡ። መምህርት የሺ የምር ላፕቶፕ በቦርሳዋ ይዛለች። መምህር ጀማል ደግሞ መብራት ማከፋፈያ በትከሻው አንጠልጥሏል፣ የትምህርት ቤታቸውን መምህራን ፍላሾች በሙሉ በክር ሰክቶ እንደ መቁጠሪያ አንገቱ ላይ አጥልቋል።

«ያላችሁን ሶፍትዌር ሁሉ ገልብጠን ነው የምንሄደው!» አለኝ እየሳቀ።

«አብሽር» አልኩት። ምን ልበለው?

በር ላይ ላቆማቸው ሞከርኩ። «ተማሪዎቹን እንዳንረብሽ፣ ከዚሁ ሆነን...»

መምህር ጀማል አልፎኝ ገባ። የነጋዴ ልጅ ነው፤ ዕቃ በዓይን ብቻ አይቶ አያምንም። የፊተኛውን ዴስክ ላፕቶፕ ሊያነሳ እጁን ሰደደ። ከባድ መስሎት ወገቡን አጠንክሮ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ ብድግ!

ላፕቶፑ በረረ።

ከእጁ አምልጦ ወደ ላይ ተወነጨፈ፣ ጣሪያውን ነካ፣ ተመልሶ ግንባሩ ላይ አረፈ።

ዝም።

ዘጠነኛ ቢ እንደዚያ ዝም ብሎ አያውቅም። ይሄን የክፍል መቆጣጠሪያ ስልት ደግሞ ልብ በሉት፤ በደንብ ይሠራል!

«ቀላል ነው» አለ መምህር ጀማል ግንባሩን እያሻሸ። «አዲስ ሞዴል ነው?»

ሙሉቀን ለመሳቅ ወደ ውጭ ሮጠ። አቶ ደምሴ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የኢትዮጵያ ካርታ አፍጥጠው ማየት ጀመሩ፤ በዚያ ሰዓት ጂኦግራፊ ምን ያህል እንደሳባቸው!

ብርቱካን ተነሳች። «ቲቸር፣ አልነገሯቸውም እንዴ?»

ከዚህች ጥያቄ ይልቅ ጣሪያው ቢወድቅብኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ምንም የሚደበቅ ነገር እንዳለ አታውቅም። ላፕቶፓቸው ካርቶን መሆኑን ያፈርኩበት እኔ ብቻ ነኝ ለካ!

«አልነገርኳቸውም» አልኩ። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

መምህርት የሺ ወደ እኔ ዞረች። «መብራት ሲጠፋ አይቋረጥም ያልከኝ...»

«አዎ።»

«ቫይረስ አልገባብንም ያልከኝ...»

«አልገባብንም።»

«በየት በኩል ይግባ!» አለ ሙሉቀን ከውጭ።

በዚህ መሃል አያ ስንሻው አንገታቸውን በበሩ አስገብተው ኖሯል። «እና እኔ ስጠብቀው የከረምኩት ካርቶን ነው?»

ካርቶኖቹን በጣታቸው እየጠቆሙ ቆጠሩ።

«ያም ሆነ ይህ» አሉ፣ «አንድ አልጎደለም።»

መምህርት የሺ የራሷን ላፕቶፕ አውጥታ ከፈተችና ብርቱካን ፊት አስቀመጠችው። «ነይ እስቲ፣ የተማርሽውን አሳይኝ። ደባርቅ ብለሽ በእንግሊዝኛ ጻፊልኝ።»

አሁን ብርቱካን ከጻፈች ልጆቹ ተረፉ። እኔንማ ተዉኝ።

ብርቱካን ቁጭ አለች። ዓይኗን ጨፈነች። ጣቶቿ ኤፍ እና ጄ ላይ ያሉትን እብጠቶች ዳስሰው አገኟቸው። እኔ በሻማ የሠራኋት እብጠት የምሩ ላይም አለች! ፈገግ አለች። ከዚያ ጣቷን ዲ ላይ አሳረፈች።

ክፍሉ እንደለመደው ተቀበላት። «ዲ-ይ-ይ-ይ!»

ወይኔ!

ሁሉን ለክቼ፣ ሁሉን አስተካክዬ፣ አንዷን ነገር ረስቻታለሁ። የምር ቁልፍ ላይ ጣት ከቆየ ፊደሉ መጻፉን አያቆምም!

ስክሪኑ በዲ ተሞላ። «ኢ-ይ-ይ-ይ!» የኢ መስመሮች ተከተሉ። «ቢ-ይ-ይ-ይ!» ገጹ ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል። ብርቱካን ዓይኗን እንደጨፈነች ነው፤ አንድም ፊደል አልሳተችም፣ አንድም ፊደል ደግሞ አንድ ብቻ አልሆነም።

«ይቺ ደባርቅ ሊማሊሞን እየወረደች ነው!» አለ መምህር ጀማል።

እንግዶቹ ሳቁ። አቶ ደምሴም ካርታውን ትተው ሳቁ። እኔ የብርቱካንን ፊት ብቻ አያለሁ። ዓይኗን ገለጠች። የሞላውን ገጽ አየች። የሚስቁትን አየች። ይኸው ልታለቅስ ነው አልኩ።

«ቲቸር» አለችኝ ኮስተር ብላ፣ «ይሄኛው ተበላሽቷል። የኛ እንዲህ አያደርግም።»

አሁን ሁሉም ሳቀ፣ ግን ሳቁ ሌላ ነበር። መምህርት የሺ እንባዋን እየጠረገች የብርቱካንን ጣት ያዘች። «ትኩስ ብረት እንደነካሽ አድርጊው። ነካ አድርገሽ ሽሺ።»

ነካ፣ ሸሸት። ነካ፣ ሸሸት። «ደባርቅ» ተጻፈች፤ አንድ ቃል፣ ስድስት ፊደል፣ ኪቦርዱን ሳታይ።

ከዚያ ሁሉም ተሰለፉ። ምሳ ተረሳ። ያ ሁሉ ፍላሽ አንገት ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ።

ሊሄዱ ሲሉ መምህርት የሺ ለብቻዬ ጠራችኝ። «እኔ የለጠፍኩትን የኮምፒውተር ላብ ፎቶ ታስታውሳለህ? አሥሩ ተደርድረው?»

«ላይክ አድርጌዋለሁ።»

«ስምንቱ ሬሳ ናቸው። ቀፎ ብቻ። አቧራቸውን ጠርጌ ነው ያነሳኋቸው።»

(ፈቅዳልኝ ነው የጻፍኩት። «ብቻህን አትዋረድ» አለችኝ።)

ከዚያ አንዱን ካርቶን ለናሙና እንድሰጣት ጠየቀችኝ። የእነሱም ልጆች ወረፋ እስኪደርሳቸው ይለማመዱበት ብላ። ደስ ብሎኝ ሰጠኋት። በሩ ላይ ስንደርስ ግን አያ ስንሻው ምንሽራቸውን አጋድመው ቆሙ።

«ያለ መውጫ ወረቀት ንብረት አይወጣም።»

«አያ ስንሻው፣ ካርቶን እኮ ነው!» አልኳቸው።

«ሲበር አይቼዋለሁ። ካርቶን ነው ብዬ ውርጭ የጠጣሁበትን አደራ ልጣል?»

አቶ ደምሴ ተጠሩ። ወረቀት አወጡ፣ እስክሪብቶ አነሱ፣ ከዚያ ግራ ገባቸው። «ምን ብዬ ልጻፈው? ካርቶን ልበል?»

«ያስጠበቁኝ ላፕቶፕ ብለው ነው» አሉ አያ ስንሻው። «ላፕቶፕ ብለው ይፈርሙ።»

ፈረሙ። ማኅተም መቱ።

እንግዲህ አሁን በሕግ ሃያ ሦስት ላፕቶፕ አለን። መብራት ቢጠፋም አይቋረጥም!

የነበራችሁ ሰዎች፣ ያጎደልኩትን ጨምሩበት። መምህር ጀማል፣ ግንባርህ እንዴት ነው? ሙሉቀን፣ አንተ ያየኸውን ጻፍ፣ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበረ ግን ተወው።

አንዲት ነገር ብቻ እኔም አላውቃትም። አቶ ደምሴ ማኅተሙን ሲመቱ ብርቱካን መምህርት የሺን በጆሮዋ አንድ ነገር ጠየቀቻት፣ ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝና ከት ብለው ሳቁ። ማነው አጠገባቸው የነበረ? ምን ተባለ?