የወይዘሮ ለተንሳኤ ካርቶኖች

በየሰፈሩ ምንም ነገር የማይጥል አንድ ሰው አለ። እንዲህ ያለ ሰው ከሌለ ሰፈሩ ገና አልተቋቋመም ማለት ነው። የመቀሌዋ፣ የቀዳማይ ወያነ ሰፈሯ ክብርት ወይዘሮ ለተንሳኤ የሚሰበስቡት ግን ጠርሙስና ቆርቆሮ አልነበረም፤ የመድኃኒት ካርቶን ነበር። ከነወረቀቱ፣ ከነባዶ ብልቃጡ፣ የታማሚው ስምና ቀኑ በእስክርቢቶ ተጽፎበት።

ጠበቃ ኤርሚያስ ሴትዮዋን አይወዳቸውም ነበር። ቁርጡን እንናገር ከተባለ ይቀናባቸው ነበር። ቅናቱም የዋዛ አልነበረም፤ ጨጓራዬን የሚልጠኝ በርበሬው ነው ወይስ እሳቸው እያለ ሐኪም ዘንድ እስኪመላለስ ድረስ። እሱ ሕግ ተምሮ፣ ፈቃዱን በመስታወት አስገብቶ የሰቀለ፣ ፍርድ ቤቱ አጠገብ ቢሮ የተከራየ ሰው ነው። እሳቸው ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡ፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ በራፍ ላይ ዱካ አውጥተው የሚቀመጡ ሴት ናቸው። መድኃኒት የጎዳው ሰው ግን የኤርሚያስን በር አልፎ ወደ ዱካው ይሄዳል።

"ካርቶኑስ?" ይላሉ ወይዘሮ ለተንሳኤ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ።

"ጣልኩት፣ ኣደይ" ትላለች ባለጉዳይዋ፣ እናቴ ለማለት።

"እንግዲህ ጉዳይሽንም አብረሽ ጥለሽዋል!"

ነገሩ እውነት አለው። ሐኪም የጻፈውን ማዘዣ ፋርማሲው ያስቀረዋል። የመርፌ ካርዱን ክሊኒኩ መጨረሻ ላይ ይወስደዋል። ክፉ ነገር ሲመጣ በታማሚው እጅ የሚቀረው ሕመሙ ብቻ ነው። ወይዘሮ ለተንሳኤ ይህን በሠላሳ ዓመት የመዝገብ ቤት ሥራ አይተው ስለጨረሱ፣ ማዘዣ የያዘ ሰው በዚያ በኩል ሲያልፍ ኮፒ ሳያስደርጉ አይለቁትም። አንዴ አንድ ሙሽራ ለጉንፋን የታዘዘለትን ይዞ ሲያልፍ አግኝተውት ሚዜዎቹ ተማጽነው ነው ያስለቀቁት።

ኤርሚያስ ምሳ ቤት ተቀምጦ "የቆሻሻ ገንዳ ጠበቃ" እያለ ያሾፍባቸዋል። የሰፈሩ ሰው ይስቃል። ሲታመም ግን ወደ እሳቸው ነው የሚሮጠው።

በ2001 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ኣስካል የምትባል አስተማሪ የኤርሚያስን ቢሮ አንኳኳች። ዱካውን አልፋ መምጣቷ ነው! ደስታውን የሚችለው አጣ። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አንድ የግል ክሊኒክ ለሳሏ መርፌ አዞላት ነበር። በአምስተኛው ቀን ጆሮዬ ይጮኻል አለች፤ "ይተውሻል" ብለው ዐሥራ አራቱን መርፌ ጨረሱባት። አሁን አትሰማም። ክፍሏን ተነጥቃ የትምህርት ቤቱን የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ ይዛ ትውላለች። ክሊኒኩ ደግሞ "ሦስት ቀን ብቻ ነው የወጋናት፤ ምንም አላለችንም" ይላል። ለክስ ሕጉ የሚፈቅደው ጊዜ ሊያልቅ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

"ማስረጃ አለሽ?" ብሎ ወረቀት ላይ ጻፈላት።

እስክርቢቶውን ተቀብላ ጻፈች። "ኣደይ ለተንሳኤ ጋ አለ። ወደ እርስዎ የላኩኝም እሳቸው ናቸው።"

ኤርሚያስ ሦስት ቀን አልሄደም። በሰው ጆሮ ላይ የራሱን ኩራት እያስታመመ መሆኑን ያውቃል፤ ያፍራልም፤ ግን አልሄደም። እነዚያን ካርቶኖች ይዞ ዳኛ ፊት መቆም ዱካው አሸነፈኝ ማለት መሰለው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ኣስካል ከቢሮው ፊት ለፊት መንገድ ዳር ቆማ ስትጠብቀው አገኛት። ከኋላዋ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ ሲመጣ ፈቀቅ አላለችም። ክንዷን ይዞ የጎተታት ኤርሚያስ ነው። ከዚያ ቢሮውን እንኳ ሳይከፍት በቀጥታ ወይዘሮ ለተንሳኤ ቤት ሄደ።

"ሦስት ቀን ሙሉ ጠበቅሁህ፣ ወደይ፣ ልጄ" አሉት።

ጓዳቸው እስከ ጣራው በፌስታል ተሞልቷል፤ በየፌስታሉ ላይ ስም አለ። የኣስካልን አወረዱለት። ዐሥራ አራት ባዶ ብልቃጥ፣ የማዘዣው ኮፒ፣ ነርሷ በየቀኑ የፈረመችበት የመርፌ ካርድ ኮፒ። በአምስተኛው ቀን ካርቶን ላይ "ጆሮዋ ጮኸ። ለሐኪሙ ነገረችው" ተብሎ ተጽፏል። መዝገበ ቃላት ይዘው በፈቱት የእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ ደግሞ፣ ጆሮ ከጮኸ መርፌው ይቁም የሚለው መስመር ተሰምሮበታል።

ኤርሚያስ ሊወጣ ሲል በሩ አጠገብ ካለው ፌስታል ላይ የራሱን ስም አነበበ።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ያንተ ነዋ። አንተ የምትጥለውን ማን ያንሳልህ?"

ውስጡ የጨጓራ ክኒኑ ካርቶኖች ነበሩ። አንዱ ላይ "ይህን ሲጀምር ከንፈሩ አበጠ። ትንኝ ነው ይላል። አይደለም" የሚል አለ። ኤርሚያስ ከንፈሩን ዳሰሰ። ያኔ ሐኪሙ ሳይጠየቅ ደውሎ ክኒኑን እንደቀየረለት ትዝ አለው።

"እርስዎ ነዎት?"

"አንተን ብነግርህ መች ትሰማኛለህ? ለሐኪምህ ነገርኩት።"

ክሱ ሰባት ቀን ሲቀረው ገባ። በዓመቱ ፍርድ ቤቱ ለኣስካል ፈረደ። ከችሎት ስትወጣ ግን መጀመሪያ ያቀፈችው ወይዘሮ ለተንሳኤን ነበር። ኤርሚያስ ፋይሉን ታቅፎ ተራውን ጠበቀ፤ አሁንም ቅናት አቃጠለው።

ከዚያ ወዲህ ካርቶኑን ራሱ ይወስድላቸው ጀመር። አንድ ማክሰኞ ሲያስረክብ የጎረቤታቸውን የገብረመስቀልን ፌስታል አየ። ከእሱ ሦስት እጥፍ ይወፍራል።

"ይሄን ያህል ምን ቢያመው ነው?"

"ምስኪን፣ ስኳርም ደም ግፊትም አለበት። ሁሌ ነው የማስብለት።"

"ሁሌ?"

"ሁሌ።"

ኤርሚያስ ፊቱን አኮሳትሮ ወደ ቤቱ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ፋርማሲ ገብቶ የራስ ምታት ክኒን፣ ካርቶኑ ተለቅ ያለውን መርጦ ገዛ። ራሱን አላመመውም ነበር።