እትዬ ቢሆንስና የሦስተኛው ፎቅ መልእክት

ሰው ሁሉ ለሁለት ይከፈላል፤ «ይሆናል» የሚልና «ቢሆንስ?» የሚል። የመጀመሪያው ዓይነት ሰው ዓለምን ያንቀሳቅሳል ይባላል። ሁለተኛው በር ላይ ቆሞ ቁልፉ ኪሱ ውስጥ መኖሩን ሦስት ጊዜ ይዳስሳል። በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤተሰቡ፣ በየአውቶቡስ ወረፋው አንድ «ቢሆንስ» ባይ አይጠፋም። ለእኛ መሥሪያ ቤት ግን ፈጣሪ ተራውን አልሰጠንም፤ የሰጠን የ«ቢሆንስ» ባዮችን ሁሉ አለቃ፣ ክብርት እትዬ ቢሆንስን ነው።

እትዬ ቢሆንስ ጠዋት ከቤት ሲወጡ ምድጃው መጥፋቱን በስልካቸው ፎቶ ያነሱታል። አውቶቡስ ውስጥ ፎቶውን አውጥተው ያዩና ፊታቸው ይጠቁራል። «የትናንቱ ፎቶ ቢሆንስ?» ዝናብ በሌለበት ወር ሁለት ጃንጥላ ይይዛሉ፤ አንዱ ለዝናቡ፣ ሌላው ለአንደኛው ጃንጥላ። የሃያ ዓመት አገልግሎት ምስክር ወረቀት የተሰጣቸው ዕለት ሠራተኛው ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ እሳቸው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው ስማቸውን ፊደል በፊደል አነበቡና ሥራ አስኪያጁን ቀስ ብለው ጠየቁት። «ሞክሼዬ ቢሆንስ?»

መሥሪያ ቤታችን መተንፈስ ለሚቸግራቸው ሕሙማን የኦክስጅን ማሽን ያከራያል፤ ሲበላሽም ቤት ድረስ ሄዶ ይጠግናል። እሳቸው የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ ናቸው። እኔ ዕቃ ክፍል ነበርኩ፤ ኮምፒውተሩን የተማርኩት ከመጻሕፍትና ከገዛ ስህተቴ ነው፤ ተመስገን፣ ስህተት አጥቼ አላውቅም።

ችግራችን እንዲህ ነበር። የደንበኛው መልእክት የሚገባው በአንድ ፕሮግራም ነው። አድራሻውና የማሽኑ ዓይነት ያለው ግን ሌላ ቦታ፣ የደንበኞች መዝገብ ባለበት ዳታቤዝ ውስጥ ነው። መልእክት የምትቀበለው ሠራተኛ ስልክ ቁጥሩን ከዚህ ገልብጣ እዚያ ትፈልጋለች፣ አድራሻውን ከዚያ ገልብጣ ቴክኒሻን ትጠራለች። አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። ትንፋሽ ላጠረው ሰው አሥራ አንድ ደቂቃ ዕድሜ ነው። ስለዚህ ሁለቱን የሚያገናኝ አውቶሜሽን ሠራሁ። መልእክት ሲገባ ቁጥሩን ራሱ ዳታቤዙ ውስጥ ይፈልጋል፣ አድራሻውን ራሱ ይሞላል፣ ለቴክኒሻኑ ስልክ ራሱ ይልካል። የሰው እጅ አይነካውም።

እትዬ ቢሆንስ የሰው እጅ የማይነካውን ነገር አይወዱም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ወንበራቸውን አጠገቤ ስበው ተቀመጡ።

«ሰውየው በጎረቤት ስልክ ቢጽፍስ?»

«የማይታወቅ ቁጥር ሲመጣ እርስዎ ጋ እንዲገባ አድርጌዋለሁ፣ እትዬ።»

«እኔ ሽንት ቤት ብሆንስ?»

«ይጮኻል።»

«ባልሰማስ?»

«ጎረቤት እስኪሰማ ይጮኻል!»

«ጎረቤቶቹ ቢከሱንስ?»

ጥያቄያቸውን ሁሉ በደብተር እየቆጠርኩ መዘገብኩ። ሠላሳ ስምንተኛው የመጣው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ስብሰባው ሊበተን ሲል ነው። «ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ስልክ ተመዝግቦ ቢሆንስ?»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። ሰኞ ይጀመራል ብሎ ለበላዮቹ ቃል ገብቷል። «እትዬ፣ እርስዎን ብንሰማ ኖሮ እስካሁን በእግረኛ መልእክተኛ ነበር የምንላላከው» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ዳታቤዙን አንድ ጊዜ መጠየቅ ይበቃኝ ነበር፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አልጠየቅሁም።

ሰኞ ረፋድ ላይ ዘጠኝ መልእክት ገባ፤ ዘጠኙም እንደ ውኃ ፈሰሰ። በልቤ ምስጋናዬን ጀምሬ ነበር። አራት ሰዓት ከሃያ ላይ አሥረኛው መጣ።

«ማሽኑ ቆሟል። እናቴ ትንፋሽ አጥሯታል። ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ አሳንሰሩ አይሠራም። እባካችሁ ፍጠኑ።»

ሰከንዶቹን ቆጠርኩ። ቁጥሩ ተገኘ፣ አድራሻው ተሞላ፣ የቴክኒሻኑ ስልክ ጠራ፣ እሱም «መጣሁ» ብሎ ተቀበለ። ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ። ሠላሳ ስምንት ሰከንድ!

«ይህ ቤት ፎቅ የለውም» የሚል የእትዬ ቢሆንስ ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ።

«እንዴት?»

«ከወንዙ ማዶ፣ ሰማያዊ በር። የአንድ ሽማግሌ ቤት ነው። ማሽኑ የገባ ዕለት አብሬ ሄጄ፣ ሎሚ ዛፋቸው ሥር ተቀምጠው ነው የተቀበሉን። ምን ፎቅ አላቸው?»

«ፎቅ ሠርተው ቢሆንስ?» አልኩ። ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ገረመኝ።

እትዬ ቢሆንስ አዩኝ። ያን አስተያየት ለጠላቴ አልመኝም።

በእጄ ዳታቤዙን ከፈትኩና ቁጥሩን ፈለግሁ። ሁለት መዝገብ ወጣ። አንዲት ሴት አማቷንም እናቷንም የምታስታምም ናት፤ ሁለቱንም በራሷ ስልክ አስመዝግባለች። የእኔ አውቶሜሽን የመጀመሪያውን አግኝቶ፣ ደስ ብሎት፣ ሁለተኛውን ሳያይ ቆሟል። ትንፋሽ ያጠራቸው እናት ያሉት ከወንዙ ወዲህ ነው። ቴክኒሻኑ ግን ይህን ጊዜ ወደ ወንዙ ማዶ እየነዳ ነበር።

ደወልኩለት፤ አያነሳም። እየነዳህ ስልክ ብታነሳ ወዮልህ ብለው ያስፈራሩት ራሳቸው እትዬ ቢሆንስ ናቸው። ለሴትየዋ ደወልኩ፤ ተይዟል። አንዲት እናት እዚያ ፎቅ ላይ አየር እየፈለጉ ነው፤ እኔ ደግሞ ስክሪኑ አረንጓዴ ስለሆነ ተደስቼ ነበር። ጌታዬ ሆይ፣ ድረስላቸው አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አየሁ። ለፎቶውም፣ ለጃንጥላውም፣ ለሽንት ቤቱም ሲርበተበቱ የኖሩት ሴት ድምፃቸው ውስጥ አንዳች መንቀጥቀጥ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲፈሩት የኖሩት ነገር በሩን አንኳኩቶ ሲገባ፣ እንደሚያውቁት እንግዳ ተቀበሉት።

«አንተ ዕቃ ክፍል ደውል። ሁለተኛው ቴክኒሻን ሌላ ማሽን ይዞ ወደ እናትየው ቤት ይሂድ። አሳንሰር የለም በለው፤ ሰው ይጨምር።»

እኔ እዚያ ስደውል እሳቸው በሌላው ስልክ ሴትየዋን ያዙ። በሦስተኛው ሙከራ ነው።

«ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ከማሽኑ ቤት። አታልቅሺ፤ አሁን ጊዜ የለንም፣ በኋላ አብረን እናለቅሳለን። እማማን ደግፈሽ አስቀምጫቸው። ተቀመጡ? ጎበዝ። መጠባበቂያው የኦክስጅን ሲሊንደር የት ነው?»

«አልጋው ሥር… እትዬ፣ ከንፈሯ…»

«አውቃለሁ። ሲሊንደሩን አውጪው። ቱቦውን ከማሽኑ ነቅለሽ እዚያ ሰኪው። ከላይ ያለውን ቁልፍ ቀስ ብለሽ ወደ ግራ አዙሪ። ምን ሰማሽ?»

ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሟል።

«ይተነፍሳል… ሽው ይላል!»

«ሐኪሙ ያዘዘላቸው በደቂቃ ሁለት ሊትር ነው፤ ቁጥሩን ሁለት ላይ አድርጊው። አሁን አጠገባቸው ተቀምጠሽ እጃቸውን ያዢ። ስልኩን አልዘጋም።»

አልዘጉትም። ሁለተኛው ቴክኒሻን ማሽኑን ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ እስኪደርስ ሃያ ስድስት ደቂቃ ፈጀ፤ ሃያ ስድስቱንም ደቂቃ ስለ እናቲቱ የልጅነት ሰፈር ሲጠይቁ ቆዩ። መጨረሻ ላይ ከስልኩ ውስጥ የደከመ የአሮጊት ድምፅ ሰማን። «እቺ ሴትዮ ጥያቄዋ አያልቅም እንዴ?»

የመጀመሪያው ቴክኒሻንም ከሰማያዊው በር ደወለ። ሽማግሌው ማሽናቸው ደህና መሆኑን ነግረውት፣ ከመጣህ አይቀር ማጣሪያውን አጽዳልኝ ብለው ይዘውታል።

ሥራ አስኪያጁ «የማን ጥፋት ነው?» አለ።

«የእኔ ነው» አልኩ። «ሐሙስ ተጠይቄ ነበር።»

«የለም» አሉ እትዬ ቢሆንስ። «ጠይቄ፣ መልስ ሳላገኝ ወንበሬን ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

ሥራ አስኪያጁ ጫማውን አየ። ሐሙስ ዕለት ከሁሉ አስቀድሞ ማን እንደሳቀ ያስታወሰ መሰለኝ።

ምሳ ሳንበላ ዳታቤዙን ጠየቅሁት፤ ከስድስት መቶ አርባ ደንበኞቻችን መካከል ሁለት ሕመምተኛ በአንድ ስልክ ቁጥር ያስመዘገቡ አሥራ ሰባት ቤተሰቦች ተገኙ። አውቶሜሽኑን አስተካከልኩ። ሁለት መዝገብ ካገኘ ምንም ሳይወስን ይቆማል፣ ሁለቱንም አድራሻ እትዬ ጠረጴዛ ላይ ያወጣል፣ ይጮኻል። ሥራውን ከሰው እጅ ሊያወጣ የተሠራው ነገር ጨንቆት የእሳቸውን እጅ ይጠይቃል።

ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው የተንቀጠቀጡት። ውኃ አመጣሁላቸው። ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ወንድሜ፣ ደንግጬ ቢሆን ኖሮስ?»

ብርጭቆውን ተቀብዬ ደግሜ ሞላሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስጸልይ ከእናቴና ከልጆቼ ቀጥዬ እሳቸውን አነሳለሁ። ረጅም ዕድሜ እንዲሰጣቸው እለምናለሁ። የማይቀረው ቀን ሲመጣ የሚሆነው ግን ከአሁኑ ይታየኛል። የገነት በር ላይ ወረፋው አልንቀሳቀስ ብሏል፤ ከፊት አንዲት ሴትዮ መልአኩ መዝገቡን እንደገና እንዲያገላብጥ እየጠየቁት ነው። ሰልፈኛው ያጉረመርማል። እኔ ከእሳቸው ኋላ ቦታ ባገኝ ተመስገን እላለሁ። ስሜ ተዘሎ ከሆነ፣ እሳቸው ሳያገኙት ከዚያ በር ንቅንቅ አይሉም።