ጡቴን ያስቀነስኩ ጊዜ

ትልቅ ጡት ዕድል ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ አንድም ወንድ ነው፣ አንድም ጡቷ ትንሽ የሆነ ሴት ናት። ሦስተኛ ዓይነት ሰው እስካሁን አላየሁም። እኔ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ተሸክሜው ኖሬያለሁና በጉዳዩ ላይ የምናገረው አለኝ። እፍረት ከያዛችሁ ገጹን ገልጣችሁ እለፉ፤ ካልያዛችሁ ጠጋ በሉ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ያን ጊዜ፣ ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ ኦሎምፒያ አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሴት ልብስ እሰፋ ነበር። የሰውን ሁሉ ደረት ለክቼ አስማምቼ እሰፋለሁ፤ ለራሴ ግን በልኬ የሚሆን ጡት መያዣ በከተማው አልነበረም። መርካቶ ብትሉ የለም፣ መገናኛ ብትሉ የለም፣ ከአረብ አገር የምትመጣ ዘመድ ብትሉም የለም። ቢቸግረኝ ከአቡጀዲ ራሴ ሰፋሁት። ባለቤቴ ሰለሞን ገመድ ላይ ተሰጥቶ ሲያየው ምን እንደሆነ ግራ ገብቶት፣ አጣጥፎ ከትራስ ልብሶቹ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠው። ሰለሞን የጂኦግራፊ አስተማሪ ነው። ሰውዬው ደህና ሰው ነው፤ ተራራና ወንዝ እንጂ የሴት ልብስ አያውቅም።

የሰውን ቀልድ ለምጄው ነበር። የታክሲ ረዳት ሲያሾፍ ሰምቼ እንዳልሰማ እሆናለሁ። ሕመሙን ግን ማን ይለምዳል? የጡት መያዣው ማንጠልጠያ ትከሻዬ ላይ ቦይ ቆፍሮ ነበር፣ ጣት የሚያስገባ። አንገቴ ሁልጊዜ እንደተጨመደደ ነው። በበጋ ከጡቴ ሥር ይልጠኛል። በደረት መተኛት የሚባለውን ነገር ሌሎች ሰዎች ሲያወሩት ነው የምሰማው። ይህንንም ሁሉ ቻልኩት። ከዚያ ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ።

መርፌ ከእጄ ወድቆ፣ መውደቁን የማውቀው መሬት ላይ ሳየው ሆነ። አንድ ቀን የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ የስፌት መኪናው ጣቴን ወጋኝ። እኔ ያወቅሁት ነጩ ጨርቅ ሲቀላ ነው። ጨርቁን ጭኔ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ልብስ ሰፊ ጣቷ ከሞተ ምን ቀራት?

ወደ አትላስ አካባቢ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ ሐኪም አለ ሲሉኝ ሄድኩ። ጣቴን ዘረጋሁለት። እሱ ግን ጣቴን ትቶ ትከሻዬን አየ፣ አንገቴን ነካካ፣ ቁሚ ተቀመጪ አለኝ። በመጨረሻ ጣትሽ ምንም አልሆነም፣ ሸክምሽ ነው የበዛው፤ ጡትሽን በቀዶ ጥገና መቀነስ ይቻላል አለ። ሳቅኩ። እንዲህ ያለው ለፈረንጅ ነው አልኩት። የፈረንጅም የሐበሻም አንገት አንድ ነው ብሎ ካርዱን መጻፍ ቀጠለ።

ቤት ገብቼ ለሰለሞን ነገርኩት። የመጀመሪያ ጥያቄው “የተቆረጠው የት ይሄዳል?” የሚል ነበር። ሁለተኛው “ያምሻል እንዴ?” ነበርና ይቅር አልኩት።

ዋናው ጭንቅ ግን ሰፈሩ ነበር። በእኛ ሰፈር ሐኪም ቤት ተኝቶ በድብቅ መውጣት አይቻልም። የሴቶቹ ዕድር ሰብሳቢ እትዬ በላይነሽ፣ ማን እንደታመመ ከታማሚው ቀድመው ነው የሚያውቁት። እውነቱን ብናገር፣ ግማሹ ሰው አስናቀች ለቁንጅና ብላ አካሏን አስቆረጠች ይላል። ሌላው ግማሽ ጡትና ቀዶ ጥገናን በአንድ ላይ ከሰማ፣ ያንን ስሙ የማይጠራውን በሽታ ያስብና በቁሜ ያለቅስልኛል። ቀበጥ ከመባልና ሞተች ከመባል የቱን ትመርጣላችሁ? ሙሉ የምትባለው እኅቴ ሦስተኛ መላ አመጣች። የሐሞት ጠጠር ነው በይ አለችኝ። የተከበረ በሽታ ነው። ማንም አያማበትም።

ቀዶ ጥገናው ተሠራልኝ። የነቃሁ ዕለት፣ ፋሻው ውስጥ ሆኜ፣ በረጅሙ ተነፈስኩ። ቁስሉ ያቃጥላል፤ ትከሻዬ ላይ ግን የተቀመጠ ነገር የለም። እንደዚያ ቀን ቀሎኝ አያውቅም።

ሐኪሙ ሲያስወጣኝ ትእዛዙን ቆጠረልኝ። ለስድስት ሳምንት ዕቃ አታነሺም። እጅሽን ከትከሻሽ በላይ አትሰቅዪም። በጀርባሽ ትተኛለሽ። ቁስሉ እንዲጠግግ ሥጋና እንቁላል ብዪ። ማንንም አትቀፊ፣ ማንም አይቀፍሽ። የመጨረሻውን ሲናገር አዘንኩለት። ይህ ሰው ከአገሩ ብዙ ዓመት ርቆ ኖሯል ማለት ነው።

ሰው በእኛ ዘንድ በሽተኛን በሩቅ ሆኖ እግዜር ይማርሽ አይልም። ደረት ለደረት ተጣብቆ፣ ጀርባ እየመታ፣ ትከሻ ለትከሻ አራት ጊዜ ይሳሳማል። እኅቴ ሙሉ፣ በር ላይ ቆማ፣ ቁስሏ አልደረቀም፣ እንዳታቅፏት እያለች ትለምናለች። እሺ ይላሉ። ገብተው ያቅፉኛል። ቁስሉ ሆድሽ ላይ አይደል እንዴ፣ ደረትሽን ምን ነካው ይላሉ። ሦስተኛዋ እንግዳ ከሄደች በኋላ ትልቅ ትራስ ደረቴ ላይ አቅፌ መቀመጥ ጀመርኩ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ብርድ ብርድ ይለኛል እላለሁ።

ሐሞትን መምረጤም መዘዝ አመጣ። ሐሞቱን የታመመ ቅባት አይበላም! ሐኪሙ ሥጋ ብዪ ብሎኛል፤ የእትዬ በላይነሽ ሴቶች ደግሞ ቅቤ በደረሰበት አያስደርሱኝም። የመጣው አጥሚትና ብርቱካን ለእኔ፣ የመጣው ዶሮ ወጥ ለሰለሞን ሆነ። አስታማሚ መጠንከር አለበት እያሉ ያጎርሱታል፤ ባለቤቴ እኔ ስከሳ ወፈረ።

የባሰው ገና ነበር። እትዬ በላይነሽ በአራተኛው ቀን ዙሪያውን ቃኙና “ጠጠሩስ የታለ?” አሉ። ለካ በሰፈራችን ጠጠር ያስወጣ ሰው ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ፣ ብፌው ላይ ከሠርጉ ፎቶ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ሐኪሙ ጋ ቀርቷል አልኩ። እሱ ምን ያደርግለታል፣ ያንቺ ነው፣ ባልሽ ሄዶ ያምጣው ብለው ወሰኑ።

በዚያን ዘመን ሰፈራችን ቦሌ ዙሪያውን ግንባታ ነበር። ሰለሞን በማግስቱ ጎረቤት ከሚሠራው ቪላ ሰባት ጠጠር ለቅሞ፣ አጥቦ፣ በማርማላታ ጠርሙስ ይዞ ገባ። የማይረባ ድንጋይ አላነሳም፣ ሁሉም ባዛልት ነው እያለ ይኮራል። ሰዉ ጠርሙሱን እየተቀባበለ አየ። ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ስትሰፊ የኖርሽው እያሉ አዘኑልኝ። ሸክሙ እውነት ስለነበር፣ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ከእንግዶቹ መሐል ጋሽ ከድር ነበሩ። ከወሎ መጥተው መገናኛ መንገድ ላይ አሸዋና ጠጠር የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት፤ ነቀነቁት። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው “ልጄ፣ ይሄንን እኔ በመኪና ነው የምሸጠው” አሉኝ። ትራሴን እስከ አገጬ ሳብኩ። እሳቸው ቀና ብለው ለቤቱ ሰው፣ ከባድ ጠጠር ነው፣ አላህ ያሽራት አሉና ጠርሙሱን ብፌው ላይ መለሱ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈሱም።

ሰዉ ሲሄድ እትዬ በላይነሽ ቀሩ። በሩን ዘጉት። “አንቺ ልጅ” አሉ፣ “ጠጠሩ ከሆድ ወጥቶ ትራሱ ደረት ላይ ምን ይሠራል?”

መዋሸቱ ደክሞኝ ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ትከሻዬን፣ ጣቴን፣ የሙሽራዋን ቀሚስ። ሲረግሙኝ ጠበቅሁ። እሳቸው ነጠላቸውን አወረዱና የቀሚሳቸውን አንገት ወደ ጎን ሳቡት። ትከሻቸው ላይ ያለው ቦይ ከእኔ ይጠልቃል፤ ቆዳው ጠቁሯል። “ከተሸከምኩት አርባ ዓመቴ” አሉ ቀስ ብለው። “ሐኪሙ ለአሮጊት ይሠራል?” ያን ሁሉ ዓመት ጎንበስ ብለው የሚሄዱት እርጅና ነው ብዬ ነበር። በጣም አፈርኩ።

ወራት አለፉ። ጣቶቼ ተመለሱ፤ ክር በአንድ ጊዜ መርፌ ውስጥ አስገባለሁ። በደረቴ ተኝቼ አነጋሁ። ለእትዬ በላይነሽ ከፊት የሚቆለፍ የሌሊት ልብስ ሰፋሁላቸው፣ እጅ ወደ ላይ ማንሳት ስለማይቻል። ልጄ ጋ ልሰንብት ብለው ሄዱና ተሠርተው ተመለሱ። ልጠይቃቸው ስሄድ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ዛሬ በሰዉ ሁሉ ፊት እውነቱን እናገራለሁ፣ ጣቴን ያተረፈልኝን ነገር እንደ ሌባ መደበቅ ይብቃኝ ብዬ።

ቤቱ ሞልቷል። እትዬ በላይነሽ ትራስ አቅፈው ተቀምጠዋል። የወጣልኝ ትርፍ አንጀት ነው አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ጨመሩበት፤ የዘንድሮ ሴቶች ለቁንጅና ብለው እግዜር የሰጣቸውን ያስቆርጣሉ፣ እኔስ ብሞት አላደርገውም አሉ። እኔ የሰፋሁትን ልብስ ለብሰው ነው ይህን የሚሉት። ደሜ ፈላ። ተነሣሁ። ያን ጊዜ ዓይናቸውን አየሁት። ሰፈሩን ሁሉ የሚያንቀጠቅጡት ሴትዮ ፈርተዋል። አንዲት ወፍራም እንግዳ ደግሞ እጇን ዘርግታ ልታቅፋቸው እየመጣች ነው።

“ትርፍ አንጀት የወጣለት ሰው አይታቀፍም” አልኩ ጮክ ብዬ። “ሐኪሙ እኔ ፊት ነው የተናገረው። ያቀፈውም ሰው ይታመማል።”

ሴትዮዋ ባለችበት ቆመች። እትዬ በላይነሽ ትራሳቸውን ላላ አድርገው ተነፈሱ።

ትርፍ አንጀት የወጣለትን አለማቀፍ በዚያው የሰፈሩ ደንብ ሆኖ ቀረ። ባለፈው ዓመት የሰለሞን ትርፍ አንጀት የምር ታመመና ተቀዶ ወጣለት። ሰፈሩ በሙሉ መጣ፤ ሁሉም ግን ከበሩ ሳያልፍ እጅ ነሥቶት ሄደ። እሱም ቅር ብሎት፣ እነዚህን ሰዎች ምን አድርጌያቸው ነው አለኝ። ስለሚወዱህ ነው አልኩት።