ጥያቄው ውስጥ የሌለ ግድግዳ

እኛ መምህራን ጥያቄ እንወዳለን። መልሱን የምናውቀውን ጥያቄ ማለቴ ነው። ሌላውን ዓይነት «ጥሩ ነው፣ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እናየዋለን» ብለን እንሸኘዋለን፤ ያ ክፍለ ጊዜ ሲመጣ ያየ ካለ ይንገረኝ። ይህን የምላችሁ የሥራ ባልደረቦቼን ለማማት አይደለም። የማማው ራሴን ነው።

ተማሪው ሁሉ አንድ ለአምስት የተደራጀበት ዘመን ነበር። ደሴ፣ ሆጤ ተቀምጬ ሒሳብ ሳስተምር ድንገት አሠልጣኝ ትሆናለህ ተባልኩና ኮምቦልቻ አንድ አዳራሽ ውስጥ አምስት ቀን ሰነበትኩ። ከእንግዲህ ሒሳብ መሸምደድ ቀርቷል፤ ተማሪው ያስባል፣ ይከራከራል፣ ችግር ይፈታል ተባለ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ደስ አለኝ። የችግር አፈታትን አራት ደረጃዎች በትልቅ ወረቀት ላይ በቀይ ማርከር ጽፌ፣ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ፣ ትምህርት ቤቶችን ልረዳ ወጣሁ።

ከቦሩ ሜዳ አለፍ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ገብቼ የናሙና ትምህርት ልሰጥ ሆነ። ከኋላ ቅጽ የያዙ ሦስት ጎብኚዎች ተቀምጠዋል። የክፍሉ መምህር ሁሴን ጥያቄዬ ቀድሞ ስለደረሰው ልጆቹን ከዋዜማው ጀምሮ መልሱን አስጠንቷቸዋል፤ እንግዳ ሲመጣ ወጉ እንዲህ ነው፣ ክፍሉ ይጠረጋል፣ መልሱም ይጠናል። እንዳላወቀ ሆኜ ወረቀቴን ሰሌዳው ላይ ሰቀልኩ።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። አንድ ገበሬ ሃያ አራት ሜትር የሽቦ አጥር አለው። ለበጎቹ ባለ አራት ማዕዘን ጉረኖ ሊሠራ ቢፈልግ፣ ከሁሉ ሰፊው ጉረኖ ስንት ካሬ ሜትር ይሆናል? ጎኑ ሁሉ ስድስት ስድስት፣ ስፋቱ ሠላሳ ስድስት። አለቀ።

ከመስኮቱ ጥግ ሰዓዳ የምትባል ልጅ እጇን አወጣች።

«ጋሼ፣ ጉረኖውን ከቤቱ ግድግዳ ጋር ብናስጠጋውስ? በዚያ በኩል ሽቦ አንፈጅም።»

ጎብኚዎቹ ከቅጻቸው ቀና አሉ። እኔም ወረቀቴን አየሁ፤ ከአራቱ ደረጃዎች አንዱም ስለ ግድግዳ አያወራም።

«ጥያቄው ውስጥ ግድግዳ የለም» አልኳት። «ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ሠላሳ ስድስት ተባለ፣ ተጨበጨበ። ሪፖርቱ ላይ «ተማሪዎች ሐሳባቸውን በነፃነት ገልጸዋል» ተብሎ ተጻፈ፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በጣቴ ጉልበቴ ላይ አሰላሁት። ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ስድስት፤ አራተኛው ጎን ግድግዳ። ሰባ ሁለት! እጥፍ! በመስኮት ስመለከት በመንገዱ ዳር ያለው ጉረኖ ሁሉ ቤት ተደግፎ ቆሟል። አፈርኩ። በማግስቱ መመለስ ነበረብኝ፤ ነገ ዛሬ ስል ወራት አለፉ።

በመጨረሻ ሄድኩ። ሁሴን በር ላይ ተቀበለኝና «ወላሂ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አላወጣችም» አለኝ። ገብቼ ያንኑ ጥያቄ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ።

«ሰዓዳ፣ እስቲ አንቺ።»

ጫማዬን እያየች ተነሣች። «ሠላሳ ስድስት።»

«ግድግዳውስ?»

«ጥያቄው ውስጥ ግድግዳ የለም፣ ጋሼ» አለችና፣ ሳልነግራት ቁጭ አለች።

ካስተማርኩት ሁሉ እንደዚያ በደንብ የተያዘልኝ ትምህርት የለም። ሰባ ሁለቱን አንድ በአንድ አሰላሁላቸው፤ ያን ቀን ልክ የነበረችው ሰዓዳ እንደሆነች፣ የተሳሳትኩት እኔ እንደሆንኩ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ልጆቹ እንግዳ ሲናገር እንደለመዱት አጨበጨቡ።

ሰዓዳም አብራ አጨበጨበች።