ደሴ ያልደረሰው ብልቃጥ

ዓይን አፋር ልጅን ሰው ሁሉ ይወዳታል። ጎረቤት «ጨዋ ናት» ይላታል፣ አስተማሪ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጣታል፣ እንግዳ ሲመጣ «ድምጿ እንኳን አይሰማም» ተብላ ትመረቃለች። ዓይን አፋርነት ስንት እንደሚያወጣ ግን ጠይቆ የሚያውቅ የለም። እኔ ልንገራችሁ፤ ከአንድ በግ ይጀምራል።

በቤታችን ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሻለሁ፤ በእማዬ ሚዛን ይህ ከሐኪም የሚያንሰው በጥቂት ነው። ስለዚህ የአባዬ ቁስል አልደርቅ ሲል፣ እማዬ ከብቶቹን ልትጠብቅ ቀርታ መካነ ሰላም ክሊኒክ አብሬው እንድሄድ የተመረጥኩት እኔ ነኝ። አባዬ ልጅ ሳለ እሳት ቅልጥሙን በልቶት ትልቅ ጠባሳ ነበረው። ጠባሳው አርባ ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ኖሮ፣ ካቻምና መሃሉ ላይ ቁስል አወጣ። ያልሞከርነው የለም። ጠበሉም ተጠመቀ፣ ቅባቱም ተቀባ፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ ካፕሱል እየተከፈተ ዱቄቱም ተነሰነሰበት። ቁስሉ ሁሉንም በትሕትና ተቀብሎ መስፋቱን ቀጠለ።

ክሊኒኩ ውስጥ ያገኘነው ሐኪም ወጣት ነው፤ ግን ሰው ያከብራል። «አባቴ፣ በቆየ ጠባሳ ላይ ወጥቶ አልድን ያለ ቁስል የቆዳ ካንሰር ሊሆን ይችላል» ብሎ አንድ በአንድ አስረዳን። መጀመሪያ ከቁስሉ ትንሽ ተቆርጦ ደሴ ይመረመራል። ካንሰር ከሆነና ከቆዳው ካላለፈ፣ ዙሪያውን ቆርጦ ማውጣት ይበቃል። አጥንት ከነካ ግን እግሩ ራሱ ይሄዳል። ወደ ሌላ ቦታ ከዘለቀ ደግሞ ጨረር የሚባል አለ፤ እሱ ሩቅ ከተማ ነው፣ ወረፋም አለው። የጤና መድህን ደብተራችንን ይዘን በሪፈር ወረቀት ከሄድን ብዙው ይሸፈናል፤ መሳፈሪያው፣ ማደሪያውና ከውጭ የሚገዛው መድኃኒት ግን የራሳችን ነው። ሐኪሙ ዋጋውን በብር ተናገረ፣ አባዬ በከብት ሰማው። ቆርጦ ማስመርመሩ አንድ በግ። ዙሪያውን ማውጣቱ አንድ ወይፈን። እግሩ ሲሄድ በሬው። ጨረሩ ላይ ሲደርስ ከብቱ አለቀበትና «እሱን ተወው ልጄ» አለ።

በጉን ሸጠን በሳምንቱ ተመለስን። ከተቆረጠለት በኋላ አባዬ ጋደም ብሎ ሳለ፣ ሐኪሙ ወደ በሩ ጠራኝና ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ ሰጠኝ። አፍንጫ የሚሰነጥቅ ፈሳሽ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የምታህል ሥጋ ተቀምጣለች። «ይህን ነገ ደሴ አድርሱ፣ ውጤቱን ይዛችሁ ኑ። ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ገባሽ?» አለኝ። ራሴን ነቅነቅ አድርጌ እሺ አልኩ። እኔ ለሁሉም ነገር ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ።

ቤት ስንደርስ እማዬ ብልቃጧን የያዝኩበትን ፌስታል ፈትታ ምንድን ነው አለችኝ። «የአባዬ ነው» አልኩ። እውነት ነው እኮ! ቀሪውን ልናገር አፌን ሳሰናዳ፣ እማዬ የተጠመቀ ሰው ሥጋ እንደ በርበሬ በብልቃጥ ይቀመጣል ወይ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ሁለት ጎረቤቶች «አብሽሪ፣ አብሽሪ» እያሉ ደረሱ። ነጭ ጨርቅ ተገኘ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ጉዞ ተጀመረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቀብር ታቋርጣላችሁ? እኔ አላቋረጥኩም። እንዲያውም ዶማውን የያዝኩት እኔ ነኝ።

አባዬ ደግሞ ለምርመራው የሚሆነውን ክሊኒኩ ራሱ የሚልክ መስሎት፣ የተረፈውን መቅበራችን ደግ ሥራ ነው ብሎ መረቀን። ማታ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ለነገ አልኩ። ከዚያ አጨዳ ደረሰ፣ ከአጨዳው ውቂያው። ስለ ውጤቱ በተነሳ ቁጥር አባዬ «ክፉ ቢሆን ይጠሩን ነበር» ይላል፣ እማዬ «እውነት ነው» ትላለች፣ እኔ ራሴን ነቅነቅ አደርጋለሁ።

በአምስተኛው ወር ቁስሉ እንደ አበባ ጎመን ፈነዳ። ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሙ መዝገቡን ገልጦ የደሴው ውጤት የታለ ሲል እማዬና አባዬ ወደ እኔ ዞሩ። «ተቀብሯል» አልኩ። አልሰማኝም። ደገምኩት፣ አሁንም አልሰማኝም። በሦስተኛው ሰማና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ቢቆጣኝ ደስ ባለኝ፤ አልተቆጣም። እማዬ «በክብር ነው እኮ የቀበርነው» ስትል ድምጿ ተሰበረ።  አባዬ ግን «ታዲያ ተዝካሬን እንኳን አታወጡልኝም ነበር?» አለና ብቻውን ሳቀ።

ሌላ በግ ተሸጠ፣ ሌላ ብልቃጥ ተሰጠን። እማዬ እስከ ደሴ ጭኗ ላይ አቅፋው ሄደች። አቀስታ ላይ አንድ ተሳፋሪ ከወንበሩ ሥር አድርጊው ቢላት «ሰው እኮ ነው!» ብላ አፈጠጠችበት። ውጤቱ ሲመጣ ካንሰር ነው፣ አጥንትም ነክቷል ተባለ። ወይፈን ይበቃው የነበረው ነገር በሬውን ጠየቀ። ጎረቤት የእርሻ በሬ እንዴት ይሸጣል ሲለው አባዬ «ባንድ እግሩ የሚያርስ ሰው የት አይታችኋል?» አለ። 

የቀዶ ሕክምናው ዕለት ደሴ፣ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ የቆረጠው ሐኪም ወጣ። አባዬ ደህና እንደሆነ ነገረን። እማዬ ጎኔን ጎሰመችኝ። እሷ ከዚያ ወዲህ ሳታስጠይቅ ምንም አታደርግም። እግሩን ለምርመራ የምናደርስበት ቦታ አለ ወይስ እንቅበረው ብለሽ ጠይቂው፣ ደግሞ ጮክ ብለሽ አለችኝ።

ጮክ ብዬ ጠየቅሁ። ኮሪደሩ ሙሉ ሰው ዞሮ አየኝ። ሐኪሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሱን ቅበሩት» አለ።

ለካ ድምፅ ነበረኝ።