ስህተት የማያውቀው ሾፌር

ስህተት የሚባል የማያውቅ ሠራተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንድ አውቃለሁ። መካነ ሰላም በምሠራበት የመንግሥት ትራንስፖርት ክፍል ሾፌር ነው፤ ደምሴ ይባላል። መኪናው አምና ሞተሩ ነክሶ አልነሳ ካለ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ጎማው ሥር ድንጋይ ተደርጎለት ቆሟል። ደምሴም ከጥላው ሥር ወንበር አውጥቶ ይውላል።

የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ በተሸለመበት ቀን ኃላፊያችን ማይክ ይዘው፣ «ዓመቱን ሙሉ ያልተጋጨ! ነዳጅ ያላባከነ! ጎማ ቀይሩልኝ ያላለ!» ብለው ጠሩት። አጨበጨብን። ምን እናድርግ? የተባለው ሁሉ እውነት ነው።

ሌላው ሾፌራችን ጋሽ ሰይድ ግን ክረምቱን በዚያ ጭቃ ከወረኢሉ ማዳበሪያ ሲያመላልሱ የጎን መስታወት ሰብረዋል። ስማቸውን ያነሳ የለም።

በማግስቱ ገበሬው ማዳበሪያ ሊወስድ በር ላይ ተሰልፎ ሳለ፣ ጋሽ ሰይድ ደህናውን መኪናቸውን ደምሴ አጠገብ አቁመው ጎማው ሥር ድንጋይ ሲያስገቡ አገኘኋቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ተበላሸብዎት እንዴ?»

«አብሽር፣ ወላሂ ምንም አልሆነም» አሉኝ። «ለከርሞው ሽልማት እየተዘጋጀሁ ነው።»

ደምሴ ምን አደረገ መሰላችሁ? ወንበሩን ሳብ አድርጎ ጥላውን አካፈላቸው።